እኔ አንጓች ነኝ

ወረታ በመጣሁ ቁጥር የሸክላ ተራውን ዞሬ ነው የማልፈው። ምክንያቱን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። ባለፈው ጊዜ ግን ከደብረ ታቦር መገንጠያው ወርጄ ወደ ገበያው ሳዘግም ዶፍ ያዘኝ። የጭነት መኪናና ባጃጅ ከሚጋፉበት መንገድ ሸሽቼ አንድ የላስቲክ ጥላ ሥር ስገባ ዙሪያዬን ማሰሮና እንስራ ሆነ። አንዲት ሴት አዲስ እንስራ እንደማያፈስ ለገዥ ልታሳይ ውሃ ጨመረችበት። አዲስ ሸክላ የመጀመሪያውን ውሃ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የአፈር ነው፣ የጭስም ነው፣ ትንሽ የአመድም አለበት። ሽታው ሲደርሰኝ የላስቲኩን ቋሚ እንጨት ያዝኩ። ሴትዮዋ "ቁጭ በይ እንጅ እህቴ፣ ምነው ላብ አጠመቀሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም፤ አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት መጥቶብኝ ነበር።

ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ይህን የምለው ራሴን ለማሳነስ አይደለም፤ ፈሪነቴ በመንደሩ የታወቀ ነው። ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ከሚተኛበት ጥግ ነበር። የርብ ወንዝ ስሙን የጠራው ሰው ቤት ድረስ ይመጣል ብዬ ስለማምን ከሰኔ እስከ መስከረም "ያ ውሃ" እያልኩ ነበር የማወራው። እባብ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ከሁሉም በላይ የሰው ዓይን እፈራለሁ። ይህን የመጨረሻውን ያወረሰችኝ እናቴ ናት። ከእኔ በፊት የወለደችው ልጅ ነበራት። አንዲት መንገደኛ ሴት ደጃችን ላይ አይታው "ምን ያለ ሸጋ ልጅ ነው" ብላ አለፈች፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። እናቴ ሴትዮዋ ማን እንደነበረች አታውቅም፤ ሸክላ ተሸክማ እንደነበር ብቻ ታስታውሳለች። እኔ ስወለድ ማንም ሸጋ እንዳይለኝ ፊቴን ጥላሸት ትቀባኝ ነበር አሉ።

በዚያ ዓመት መስከረም ውሃው ቶሎ አልሸሸም። መንገዱ እስኪገለጥ ጠብቄ ትምህርት ቤት የደረስኩት ከሌሎቹ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ነው። መጽሐፍ የታደለው ለሁለት ልጅ አንድ ስለነበር ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዞ ተቀምጧል። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ አንጓች አጠገብ።

አንጓች የሸክላ ሠሪዋ የእትየ ሽታዬ ልጅ ናት። አባቷ ሞቷል፤ እናትና ልጅ ከመንደሩ ጫፍ፣ ውሃ ከማይደርስበት ጉብታ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የእናቴ ድስት፣ የእናቴ ማሰሮ፣ የመንደሩ እንስራ ሁሉ ከእትየ ሽታዬ እጅ የወጣ ነው። በሠራችው እንበላለን፤ ከእጇ ግን አንበላም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ዓይናቸው ይበላል ይባላል፤ ይህን ለእኔ ያስተማረኝ የለም፣ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋዬ ሳላውቀው ነው ያወቅሁት።

እናቴ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ ስትሰማ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። አባቴ ቦታ እንዲያስቀይርልኝ ወተወተችው፤ እሱ ደግሞ ለመምህር እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብሎ አፈረ። ስለዚህ የቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሰፋችበት። ከእሷ ጋር እንዳልበላ፣ ስበላም እንዳታየኝ፣ ቤታቸው ደግሞ እግሬ እንዳይደርስ በሚካኤል ስም አስማለችኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ልወድቅ እስክደርስ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር የምቀመጠው። ግን አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሲያነቡ መራቅ አይቻልም። አንጓች ከእኔ ፈጥና ታነባለች፤ ገጹ መጨረሻ ላይ ደርሳ ጣቷን አኑራ ትጠብቀኛለች። ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ የደረቀ ጭቃ አለ። ስትስቅ ድምፅ አታወጣም፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቀነቃል፤ ያን ጊዜ የእኔም ትከሻ አብሮ ይነቀነቃል። መጽሐፉ አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሷ ቤት ያድራል። የደረሰችበት ገጽ ላይ የሩዝ ጭድ ታኖራለች። ከእሷ ዘንድ ሲመለስ ጭስ ጭስ ስለሚሸት እናቴ በር ላይ ተቀብላ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር።

ዕረፍት ላይ ቆሎዬን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላለሁ። አንጓች ደወሉ እንደተደወለ ተነስታ ትወጣና ከሩዙ ማሳ ዳር ብቻዋን ትቀመጣለች። ረሃብ የማያውቃት ልጅ ትመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም እቀናባት ነበር። ጥቅምት ሲገባ ዕረፍቱ አላልቅ አለኝ፤ እስክትመለስ ድረስ በሩን በሩን አያለሁ። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ከጠርዜ አልወጣም።

አማርኛ የሚያስተምረን ጋሸ መኳንንት፣ በዚያው ዓመት ከደብረ ታቦር የመጣ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ አስነበበን። ዝናብ የደበደበው መንገደኛ አንድ ቤት ደርሶ "የእግዜር እንግዳ" ይላል፤ ባለቤቱ በሩን ሳይከፍት ያባርረዋል። ጋሸ መኳንንት ለምን አልከፈተም ብሎ ጠየቀን። ክፉ ስለሆነ፣ አልን በአንድ ድምፅ።

"ክፉ ስለሆነ አትበሉኝ፤ ያ መልስ አይደለም" አለ። "ይህ ሰው ማንን አጥቶ ነው? ከውስጥ ማንን አስተኝቶ ነው? ሰው ብቻውን ሰው አይሆንም። የሚወዳቸውና የሚፈራላቸው ሰዎች ናቸው የሚሠሩት።"

እኛ ተያየን እንጂ አልገባንም። ያልገባን መሆኑን ሲያይ የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዳችን መጽሐፍ የምንጋራውን ልጅ ሆነን እንድንጽፍ አዘዘ። "እሷ" ማለት የለም፣ "እኔ" ነው የሚባለው፤ ሰኞ እየተነሳን በቃላችን እንናገራለን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሌሎቹ ከጎናቸው ያለውን ልጅ ቤት ያውቁታል፤ እኔ አንጓች ምን ላይ እንደምትተኛ እንኳ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጥጃ ልፈልግ ብዬ እናቴን ዋሽቼ ወደ ጉብታው ወጣሁ። አንጓች ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ትረግጥ ነበር፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ እስከ ጉልበቷ ጠልቃ። የተፈጨ ገል ይበተንበታል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ እሷ ትረግጣለች። እትየ ሽታዬ በለስላሳ ጠጠር የእንስራ ሆድ ታሻለች። ስታየኝ እጇ ባለበት ቆመ። እናቴ መምጣቴን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከእኔ ይልቅ መንደሩ ላይ ነበር። ውሃ ጠምቶኝ ብጠይቃት ቤትሽ ቅርብ ነው፣ እዚያ ትጠጫለሽ አለችኝ። አጠገቧ ሦስት እንስራ ሙሉ ውሃ ቆሞ! እንዲህ ያለች ንፉግ አይቼ አላውቅም ብዬ ታዘብኳት። ለልጇ ፈርታ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ጽሑፌን እሁድ ጠዋት ጨረስኩ። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። "እኔ አንጓች ነኝ። በማለዳ ተነስቼ ጭቃ እረግጣለሁ። ጉልበቴ ይቀዘቅዛል። ሰው ሲበላ አላይም፤ ተነስቼ እወጣለሁ። የምወዳት ልጅ ብርቄ ናት።" ብርቄ እኔ ነኝ። የመጨረሻውን አንጓች አልነገረችኝም። እንዲሆንልኝ ስለፈለግሁ የጻፍኩት ነው።

ሰኞ አልደረስኩም። እሁድ ከምሳ በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሰኞ ሲነጋ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሰው መለየት አቃተኝ። ጥቅምት እኛ አገር የንዳድ ወር ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ትንኙን ትቶልን ይሄዳል። አባቴ ወደ ጤና ኬላው ሮጠ። እሱ እስኪመለስ እናቴ መጠበቅ አልቻለችም፤ አያ ጫኔን አስጠራች።

አያ ጫኔ በዓይን የተበላ ሰው የሚያስለፈልፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሥር ያጤሱና በሽተኛውን ጋቢ አከናንበው ያጥኑታል። በሽተኛው በጭሱ ታፍኖ መለፍለፍ ሲጀምር የሚናገረው እሱ አይደለም ይባላል፤ የበላው ሰው ነው በአፉ የሚናገረው። ስሙን ይናገራል፣ የት እንዳገኘው ይናገራል፣ ለቅቄያለሁ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ጨለማ ነው፤ ጋቢው ከብዶኛል፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ይፍቀኛል። ከውጭ አንድ የወንድ ድምፅ "ማነህ? ተናገር፣ ማነህ?" ይላል። ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ተራዬ ደርሶ ጋሸ መኳንንት የጠራኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በደንብ አጥንቼዋለሁ። እኔ አንጓች ነኝ ብዬ ጀመርኩ። አንድ ቃል አልሳትኩም።

ወደ ልቤ ስመለስ ሦስት ቀን አልፏል። አባቴ ያመጣውን ኪኒን በሰዓቱ ውጬ ነበር፤ ምስጋናው ግን ሙሉውን ለጭሱ ሆነ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የሆነውን ትነግረኝ ጀመር። ፊቷ ላይ ያየሁትን ዕፎይታ ከዚያ በፊት አይቼባት አላውቅም።

"ወንድምሽን የበላችውን አጣኋት፤ የአንችዋን ግን ያዝኳት" አለችኝ። "ራሷ በአንደበትሽ ተናገረች። ሰው ሲበላ አላይም አለች፤ እወዳታለሁም አለች። ወዳሽ ነው የበላችሽ።"

እኛ ዘንድ ዓይን የሚበላው የወደደውን ነው። ንዳዱ የተመለሰብኝ መሰለኝ።

ለሁለተኛው ቀን ጭስ ከበላው ሰው ልብስ ላይ ቁራጭ ያስፈልግ ነበር። የተላከው አባቴ ነው። እትየ ሽታዬ አልተከራከረችም፤ መቀሱን ራሷ አቀበለችው። አባቴ ይህን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። ከምድጃው ዳር ሳይቃጠል የቀረ ጫፍ አገኘሁ፤ የትምህርት ቤታችን ሰማያዊ ልብስ ነው፣ የደረቀ ጭቃ ነክቶታል። ይዤው አለቀስኩና ሁሉንም ለእናቴ ተናገርኩ። የቤት ሥራ ነው፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ እሷ ምንም አላደረገችኝም አልኳት። እናቴ ግን ቃሌን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የምታየው። ቀስ ብላ ተነሳችና ወደ አባቴ ዞረች።

"አልለቀቃትም" አለችው። "አሁንም ለእነሱ ትሟገታለች።"

አያ ጫኔን ልታስጠራ ስትል ዝም አልኩ። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ጭሱ እንደሚመለስ ገባኝ። ፈሪ ነበርኩ ብያለሁ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ወንበሩ ላይ ብቻዬን ሆንኩ። አንጓች መምጣት አቁማለች። የመንደሩ ሴቶች ከእትየ ሽታዬ መግዛት ትተዋል፤ አንዷማ የገዛችውን እንስራ ደጇ ድረስ ወስዳ ሰብራባት ተመለሰች። ምንጭ ላይ እትየ ሽታዬ ከታየች ሌሎቹ ቀድታ እስክትሄድ ርቀው ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ልጆች እየተቀባበሉ በደስታ ያወሩልኛል፤ እኔ እንደ ቁስለኛ ጀግና ነበርኩ። እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ አለመብላቴንም ለአንጓች ቆጠረችው።

ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ነው። የአንጓች ተራ በሆነ ቀን መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ከጉብታው ግርጌ ድንጋይ ላይ አኖረው ጀመር። መጀመሪያ ቀን አኑሬው ወደኋላ ሳላይ ሮጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ መጽሐፉ እዚያው ነው፤ ጭዱ ግን አሥር ገጽ ያህል ወደፊት ሄዷል። ሳንተያይ እንዲህ ስናነብ ሁለት ሳምንት አለፈን። እሷ የደረሰችበት ድረስ ለመድረስ ስል ሩዙ ውስጥ ተደብቄ አነብ ነበር።

ጋሸ መኳንንት ደብተር ሰብስቦ የእኔን ሲያነብ የመንደሩን ወሬ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ቅዳሜ ደብተሬን ይዞ ቤታችን መጣ፤ እናቴ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችው። የመጣበትን ተናግሮ ጽሑፉን አነበበላቸው። ሲያነብ የእናቴ ከንፈር አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች።

"ታዲያ ማን አስጻፋት?" አለች ሲጨርስ።

ጋሸ መኳንንት ደብተሩን አጥፎ ተነሳ። እናቴ ወደ ጎኗ ስባኝ በነጠላዋ ጋረደችኝ። ያን ጊዜ ጠላኋት፤ ከልቤ ነው የጠላኋት። ዛሬ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። እናቴ መምህሩን ብታምን ኖሮ ልጇን ምን እንደገደለው አታውቅም ማለት ነው፤ እኔንም ነገ ከምን እንደምትጠብቀኝ አታውቅም። በሩን መክፈት አልቻለችም።

አባቴ መምህሩን ሸኝቶ ሲመለስ አጥሩ ሥር ጠብቄ ያዝኩት። አምነኸዋል አይደል አልኩት። ትከሻዬን ያዘኝ፤ እጁ ከብዶኝ ነበር።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ" አለኝ። "አገር ሰምቶታል። አሁን ማን ይሰበስበዋል?"

ማመኑን አወቅሁ። ይህ ካለማመኑ ይልቅ አስፈራኝ።

ኅዳር ሲጋመስ ሩዙ ቢጫ ሆነና መንደሩ በአጨዳ ተያዘ። አንድ ጠዋት ከድንጋዩ ላይ መጽሐፉን ሳነሳ ጭዱ ካኖርኩበት አልተነሳም። በቀጣዩ ተራዋም እንደዚያው። በዚያው ቀን ነዶ ስሸከም አጫጆቹ እነ እትየ ሽታዬ ወደ ሐሙሲት ሊሄዱ ነው፣ ዘመድ አላቸው እዚያ፣ ዛሬ ጭነዋል ሲሉ ሰማሁ። ነዶውን ጥዬ ሮጥኩ።

የደረስኩባቸው ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ከተሰነጣጠቀበት ሜዳ ላይ ነው። አንድ አህያ ጭነዋል። አንጓችን ጠርቼ ስጣራ እትየ ሽታዬ ዞር አለች፤ ስታየኝ የአህያዋን ገመድ ለቀቀች።

"እዚያው ቁሚ" አለችኝ። "አትቅረቢን፣ ልጄ።"

ቆምኩ። ከቆምኩበት ሆኜ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳት። የቤት ሥራውን፣ ውሸቴን፣ ጭሱን፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከራሴ እንደጨመርኩት ሳይቀር ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። አንጓች ከአህያዋ ወዲያ ቆማ መሬት ታያለች።

"መምህሩ ነግሮኛል፤ አውቃለሁ" አለች እትየ ሽታዬ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"ታዲያ ለምን ትሄዳላችሁ?"

"ነገ ሆድሽን ቢቆርጥሽስ? ውጋት ቢይዝሽስ?" አለችኝ። "አንች ትኩስ ትኩስ ባለሽ ቁጥር የእኔ ልጅ ናት የምትጠየቀው። ዘንድሮ የቆረጡት ልብስ ነው።"

አንጓች ቀና ብላ ወደ እኔ ልትዞር ስትል እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችባት። "አትያት" አለቻት። አንጓች ነጠላውን አላነሳችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ራሷ አጠበቀችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከአህያዋ ጎን መሄድ ጀመረች።

እስከዚያ ቀን በዚያ ሜዳ ላይ የማልፈራው ነገር አልነበረም። እኔን የሚፈራ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ቆሜ አየኋቸው። ከአጨዳው የሚነሳው ብናኝ ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሳል መጣብኝ። ከሳልኩ ይሰሙኛል፤ ከሰሙኝ ታማለች ብለው ይደነግጣሉ። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ፣ ደረቴ እየዘለለ፣ እንባዬ እየወረደ ያዝኩት። አስፋልቱ ላይ ወጥተው ከዓይኔ እስኪሰወሩ ድረስ አልሳልኩም።